ለሙሽሮቹ ክፍል የሚሆን ስጋጃ

ስጋጃ ነጋዴው ሃጂ ጎውሱዲን ስጋጃውን ከትከሻቸው አውርደው ሱቃቸው ውስጥ ሲዘረጉት አቧራው ቡን ይላል። ትንፋሼን ዋጥ አደርጋለሁ። እናቴ ከጎኔ ሆና ክንዴን ትቆነጥጠኛለች።

"ቻይው" ትለኛለች በሹክሹክታ። "ሠርጉ እስኪያልፍ ብቻ ቻይው።"

ለእሷ መናገሩ ቀላል ነው። የአቧራ አለርጂ ያለብኝ እኔ ነኝ። አቧራ ያቀፈ ስጋጃ ላይ ካደርኩ ደረቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል ያነጋል። እዚህ ሄራት ከተማ ደግሞ "ትንፋሽ ያጥራታል" የተባለች ልጅ፣ እጮኛዋ የቱንም ያህል ቢወዳት፣ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን መንገድ አያጡትም። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ቀርታለች። ስለዚህ ለእጮኛዬ ለጃምሺድ ቤተሰብ ትንፍሽ አላልንም።

የጃምሺድ እናት ወይዘሮ ጉላንዳም ጫማቸውን አውልቀው ስጋጃውን በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። የሙሽሮቹን ክፍል የሚያነጥፈው የወንዱ ወገን ስለሆነ ምርጫው የሳቸው ነው።

"የቱርክመን ሸማኔዎች እጅ ሥራ ነው፣ እህቴ" ይላሉ ሃጂ። "ጠጉሩ ጣት ይውጣል። ሙሽሮቹ ፍራሽም አያሻቸው።"

"የፍራሹን ነገር ለኛ ይተዉልን፤ እርስዎ ስለ ስጋጃዎ ያውሩ።"

አፍንጫዬን በሻርፔ አፍኜ ብታገልም አልቻልኩም። አነጥሳለሁ።

ሁሉም ባለበት ይቆማል። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሊጀመር ሲል አንድ ጊዜ ከተነጠሰ "ትዕግሥት መጣ" ይባላል፤ መንገደኛ እንኳ ከደጅ ይመለሳል። ሁለተኛ ከተነጠሰ ግን ፈቃድ ነው።

"ትዕግሥት መጣ" ይላሉ ወይዘሮ ጉላንዳም፤ ስጋጃው ይጠቀለላል።

ሃጂ ሌላ ይዘረጋሉ፤ ይሄኛው የባሰ ወፍራም ነው። ዓይኔ ይቃጠላል፤ አነጥሳለሁ። ሃጂ ፊታቸው ከመጥቆሩ ደግሜ አነጥሳለሁ።

"ሁለት ሆነ!" ይላሉ ሃጂ በደስታ። "ፈቃዱ ወረደ። በሉ፣ መባረክ ነው።"

እናቴም አብራ "መባረክ ነው" ትላለች፤ ቶሎ መውጣት ነው የምትፈልገው። እኔ በዚያ ስጋጃ ላይ የማሳልፋቸው ሌሊቶች ይታዩኛል፤ ሳላውቀው እጄ ደረቴ ላይ ይሄዳል። ወይዘሮ ጉላንዳም እጄን ያያሉ። ከዚያ ዓይኔን ያያሉ። አለቀልኝ እላለሁ በልቤ።

እሳቸው ግን መሐረብ ከጉያቸው አውጥተው አፍንጫቸው ላይ ይደፉና ሱቁ እስኪያስተጋባ ያነጥሳሉ።

"ሦስት ሆነ፣ ሃጂ" ይላሉ። "እንደገና ትዕግሥት መጣ።"

"ሦስተኛ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?"

"የኔ ንጥሻ ከማን ያንሳል?"

ሃጂ ስጋጃውን መልሰው ይጠቀልላሉ። ወይዘሮ ጉላንዳም ወደ ጥግ ሄደው ከተደረደሩት መሃል አንድ ግሊም ይስባሉ፤ ጠጉር የሌለው፣ ስስ ሽመና ነው። ያራግፉታል። አንዳች አይቦንም። ጫፉን ወደ ፊቴ ያስጠጉታል።

"ቀለሙን እዪልኝ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል።"

ዓይናቸው ግን ቀለሙ ላይ ሳይሆን አፍንጫዬ ላይ ነው። እተነፍሳለሁ። ደግሜ እተነፍሳለሁ። ምንም የለም።

"ያምራል" እላለሁ።

"ይሄን ይጠቅልሉልኝ።"

"ግሊም ለሙሽራ?" ይላሉ ሃጂ። "ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ቤቱ ሄዶ የራሱ ስጋጃ ላይ ተቀምጦ ያውራ። አቧራ የማይስማማኝ እኔ ነኝ። የልጄ ክፍል ሄጄ ሻይ ልጠጣ አይደል? ይሄ በየሳምንቱ አጥር ላይ ይራገፋል፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል።"

እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ሴትዮዋን ወደድኳቸው፤ ልጃቸውን ከወደድኩት ባልተናነሰ።

ሃጂ ግሊሙን ሲጠቀልሉ ወይዘሮ ጉላንዳም ፊታቸውን ሳያዞሩ ያነጠሱበትን መሐረብ ያቀብሉኛል። "ዓይንሽን ጥረጊ" ይሉኛል ቀስ ብለው።

እቀበላቸዋለሁ። መሐረቡ እንደተተኮሰ፣ እንደታጠፈ ነው፤ ደረቅ።