እንዳትረሺ፣ ቆልፊ

ሐምሌ ገብቶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደራሲው ልቦለዱን ሊጨርስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዶ ቤቱ ከተከተተ ሳምንት ሆነው። የመጣ ሁሉ «የሉም» ብሎ እንዲመለስ፣ ሚስቱ ጠዋት ስትወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፍበታለች። ዛሬም «ደህና ሁን» ስትለው ቀና ሳይል፣ «እንዳትረሺ፣ ቆልፊ» ነበር መልሱ።

ጋቢውን ተከናንቦ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። አንድም ቃል ጠብ አላለለትም። መድከሙ ራሱ ደከመው።

ረፋዱ ላይ ዝናብ ወረደና ሁለት የሰፈር ሴቶች በረንዳው ላይ ተጠለሉ። የቆርቆሮው ጩኸት እንዳይውጣቸው እየጮኹ ያወራሉ።

«ሻንጣዋን ይዛ ሄደች በቃ?»

«ሄደች። አልቅሳ አልወጣላትም።»

«ሰውየውስ?»

«ገና አልሰማም፣ ምስኪን።»

ደራሲው ነፍስ ዘራ። እንዲህ ያለ ንግግር ከየት ይገኛል! ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ ቃል ሳያስቀር ጻፈ።

«ምን ብላ ተለየችሽ ታዲያ?»

«የጓጉንቸሩን ቁልፍ ሰጠችኝና፣ ‹መሸት ሲል ክፈችለት፤ አሁን ከከፈትሽበት ይቆጣል› አለችኝ።»

ይህንንም ጻፈና አራት ነጥቡን ሊያኖር ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ።