«እኔም ተስማምቻለሁ»

«ይኼን አንቺ ነሽ ያልሽው?»

ልብስ ሰፊው ከቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በር ላይ የገነጠለውን ፖስተር አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። ከወረቀቱ ላይ የገዛ ፊቷ ጥርሱን ገልጦ ይስቅባታል፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ማንበብ የተማርኩት እዚህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እንዲሰፋ እኔም ተስማምቻለሁ» ይላል።

ማንበብ የተማረችው እዚህ መሆኑን ፎቶ ላነሷት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ነግራለች። ሁለተኛውን አላለችም። ግን የተለጠፈ ዕለት መንገድ ላይ ቆማ፣ ፊደል በፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች። ያለማንም እርዳታ ጀምራ የጨረሰችው የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነበር። ልጇን እዚያው መንገድ ላይ አቅፋ ስማታለች። ማንበቧን እንጂ ያነበበችውን አላሰበችም። ዛሬም ለነዋሪው ጥቂት ቃል ተናገሪ ሲሏት ልጇን ይዛ የመጣችው በዚያው ደስታ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚሰፋው ወደ ጓሮ ነበር። ጓሮው ላይ የነበሩት የልብስ ሰፊዎቹ ሱቆች ዛሬ ጠዋት ፈረሱ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ጋሼ አትበይኝ! የልጅሽን ዩኒፎርም የሰፋሁበት መኪና ፍርስራሽ ሥር ነው!»

ከመድረኩ የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሹም ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገ። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የተጠራነው ለውይይት ነው። ውሃ አለ፤ እየጠጣችሁ ተረጋጉ።»

«ቀብረህ ስታበቃ በሽተኛውን ልትጠይቅ መጣህ?» አለች አንዲት ወፍራም ሴት ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ የመጀመሪያው ወንበር ተወረወረ።

ወንበሩ ሹሙን ስቶ የጥበቃውን ግንባር ፈነከተው። ከዚያ መስኮቱ ረገፈ። መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ተገፍቶ ሲወድቅ ወለሉ ተናወጠ፤ ሥሩ የገባው ሰው አንዴ ጮኾ ዝም አለ። የተገኘ ይመታል፤ የሚመታው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

«እማዬ!»

ልጇ የሕፃናቱ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምታለች። እናት በክርኗ እየደለቀች ወደዚያ ሄደች። አንዱ በሻርፗ አንቆ ወደ ኋላ ጎተታት፤ እጁን ነክሳ ተላቀቀች። አፏ ውስጥ ደም ጨው ጨው አለ፤ የእሱ ይሁን የእሷ አላወቀችም። ልጇን ታቅፋ ወደ ጓሮው በር በረረች።

ሹሙ አንድ ጫማ ብቻ እንደተጫማ በሩን ይዞ ቆሟል። «ነይ እህቴ፣ ፍጠኚ! ልዘጋው ነው!»

ያኔ ዞራ አየች። ማንበብ ያስተማሯት አሮጊቷ መምህርት ባንኮኒው ሥር ወድቀዋል። ልብስ ሰፊው በተሰበረ የወንበር እግር ጀርባቸውን ይቀጠቅጣል። «ማን አስባላት? አንቺ አይደለሽ ያስተማርሻት? ማን ጻፈው?» ይላል፤ በየጥያቄው አንድ ዱላ። መምህርቷ ራሳቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ፊደሉን እየተከተለ ያሳያት የነበረው ጣት ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

ያቺ የቀለደችው ሴት እየተንገዳገደች በሩ ጋ ደረሰች። እናት ልጇን ወደ እሷ ገፋች።

«እባክሽ እቴ፣ ያዢልኝ!»

«አብደሻል? አንቺስ?»

ልጅቷ የእናቷን አንገት አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አስረከበቻት።

ተመልሳ ሮጠችና መምህርቷ ላይ ተደፋች። ዱላው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ውስጡ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

«አንብቤዋለሁ!» ብላ ጮኸች። «አላልኩም ጋሼ፣ ግን አንብቤዋለሁ! አንብቤ ዝም አልኩ! እሳቸው ምን አደረጉህ? እኔን ምታኝ!»

የእንጨቱ ጫፍ አየር ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊው አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አንዴ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ ጎኗ ላይ አወረደው። ትንፋሿ ሲመለስ እንጨቱ ከእጁ ወድቆ ይንከባለል ነበር።

ከሩቅ የፖሊስ መኪና ጮኸ።

«ጅብ ከሄደ...» አሉ መምህርቷ ከሥሯ፣ ሳቅ በመሰለ ድምፅ። ተረቱን አልጨረሱትም።

ሹሙ በጓሮ ወጥቷል። ልጇ በሰው እጅ ወጥታለች። ልብስ ሰፊው ማንም ሳይነካው በፊት ለፊቱ በር ወጣ። እሷ የመምህርቷን እጅ በደህናው እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ቀረች፤ ፖሊሶቹ መጥተው ሊያነሷቸው ሲያጎነብሱ የመምህርቷ እጅ በርዶ ነበር፤ በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።