የእማዬ ቫይታሚን

ሐኪሙ የእናትየዋ ሕመም ካንሰር መሆኑን የነገረው ለልጅየዋ ብቻ ነበር። ቤተዘመዱም «እናትሽ ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች» ብሎ አስማላት። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ከማሸጊያው እያወጣች «ቫይታሚን ነው» እያለች ታስውጣታለች። ማልቀስ ሲያምራት ሻወር ከፍታ ትገባለች።

ዛሬም ኪኒኑንና ውሃውን ይዛ ስትመጣ የእናቷን ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። ጡረታ የወጣችው እናቷ፣ የባዮሎጂ ክፍሏን ለተረከበችው ለወጣቷ መምህርት ለምንታምር ምዕራፉን እያስረዳች ነው።

«ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባለውን ተቀባይ፣ ሴሉ ላይ የተገጠመ የበር መጥሪያ በይው። መልእክት መጥቶ ሲነካው ብቻ ነው ወደ ውስጥ ‹ተባዛ› ብሎ የሚጮኸው። ሲበላሽ ግን ማንም ሳይነካው ይጮኻል፤ ሴሉም መባዛቱን አያቆምም። አንዳንዱ ካንሰር የሚነሳው እንዲህ ነው።»

«ዝም የሚያሰኘው መድኃኒት የለም፣ ቲቸር?»

«አለ እንጂ። እኔ የምውጠው እሱን አይደል?» እናትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለልጄ ግን እንዳትነግሪብኝ። እንቅልፍ የሚወስዳት ያላወቅኩ ስለሚመስላት ነው።»

ልጅየዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ኮቴዋን እያሰማች መጥታ በሩን አንኳኳች።

«እማዬ፣ ቫይታሚንሽን አመጣሁልሽ።»