የለቅሶ ቤት ጸጥታ

በሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ተተክሎ ቀን ከሌት የሚለፈልፈው ሬዲዮ ጸጥ የሚለው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሕጉ ለሐዘንተኛ አዝኖ የፈቀደው ይህንን ነው። ስለዚህ የማንጠግቦሽ ባል ጉርሙ የሞተ ዕለት ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። እሷ ከለቀስተኛው ግማሹን አታውቀውም። የሚያለቅስም የለም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ያዳምጣል። ማንጠግቦሽ ደግሞ የባሏን ድምፅ ለማስታወስ ብትሞክር፣ የሚመጣላት ከሳሙና ማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ ነው።

በሰልስቱ የዕድሩ ዳኛ፣ «በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ድንኳኑ ይነሣ» አሉ።

ንቅንቅ ያለ ሰው የለም።

ይህን ጊዜ ጥግ የተቀመጡትን አሮጊት እናቷን ሳል ያዛቸው። ለቀስተኛው በሙሉ ዞሮ በተስፋ አያቸው።

ማንጠግቦሽ፣ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብላ ልትቆጣ ቃጣት። አፏን ሳትከፍት ግን እሷም እናቷን በዚያው ዓይን እያየች መሆኑን አስተዋለች።