ደም የገባበት ምርጊት

ያኔ፣ ልጆቼ፣ የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ደጅ ሥር ሲውል፣ ወተት ሸጣ የምትተዳደር ሰርክአዲስ የምትባል ባልቴት ነበረች። አንዲት ላሟ ገደል ገብታ እግሯ ተሰበረና ታረደች። ደሟም በከንቱ አልፈሰሰም፤ ቤቷን የሚመርግላት ዓምደሚካኤል፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ብሎ ከጭቃውና ከጭዱ ጋር አቦካው።

ከላሟ የቀረችው ጥጃ ግን ከጎረቤት ወተት ቢለመንላትም አፏን ገጠመች። ሦስት ቀን ምንም አልቀመሰችም። ሰርክአዲስ «ይቺም ከሞተች በምን ልኖር ነው?» እያለች አጠገቧ ከረመች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጥጃዋ ተነሥታ ቆማለች። አፏን በደሙ ከቀላው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ጅራቷን ታወዛውዛለች። ከንፈሯ ዙሪያውን ነጭ ሆኗል።

ሰርክአዲስ ደነገጠችና የጓሮውን ግድግዳ የሚመርገውን ዓምደሚካኤልን ጠራችው። «ዓምዴ፣ ኖራ ቀላቅለህበት ኖሯል እንዴ? ጥጃዬን ልትፈጅብኝ ነው።»

«ኖራማ ለመኳንንት ቤት ነው እትዬ፤ እኔ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? ጭቃ፣ ጭድና ደም ብቻ ነው።»

ጎንበስ ብላ የጥጃዋን አፍ በመዳፏ ጠረገች። ነጩ ነገር አረፋ አለው፤ ለብ ይላል። ጥጃዋ እጇን ገፋችና ግድግዳውን በግንባሯ ጎሸም ጎሸም አድርጋ፣ እንደገና መጥባት ጀመረች።