ከአልጋው በላይ የተሰቀለችው ሰሌዳ

ኦይገን ጣቱን በደረጃው መደገፊያ ላይ ጎትቶ አቧራውን አፍንጫዬ ሥር ያመጣልኛል።

«ይታይሻል ሄድቪግ?»

«መነጽሬን አላረኩም።»

«የጎረቤት መጋረጃ ሲነቃነቅማ በጨለማም ይታይሻል።»

ኦይገን የቤቱ ባለቤት ነው። እሱ ምድር ቤት ይኖራል፣ እኔ ከሱ በላይ። ከኔ በላይ፣ ጣራ ሥር ያለችውን ክፍል ለተማሪ አከራይ እያልኩ ስንት ወር ጆሮውን ያደነቆርኩት እኔው ነኝ። ምን ላርግ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ፤ የማማው ሰው እንኳ አልቆብኛል። በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ምን ብሎ መሰላችሁ፤ «ቅዳሜ ደረጃው ሳይጠረግ ከመሸ ሻንጣዋን ራሴ ነኝ አውርጄ በር ላይ የማቆመው።» ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ደግሞ የገባችው ዛሬ ጠዋት።

እኛ ጀርመን አገር፣ ቱቢንገን ከተማ፣ ደረጃ የሚጠረገው በተራ ነው። ተራው የደረሰ ሰው በሩ ላይ «የመጥረግ ተራ» የሚል የተጻፈባት አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ትንጠለጠልበታለች፤ ይጠርግና ወደሚቀጥለው በር ያሻግራታል። ማንም ማንንም ጥረግ አይልም። ሰሌዳዋን ማየት ነው።

የዚህ ሳምንት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምላችሁ። ልጅቷ ያን የሚያህል ሻንጣ እየጎተተች ስትወጣ ጉልበቷን አየሁት፣ የራሴንም አየሁት፤ በሯን እስክትዘጋ ጠበቅኩና ቀስ ብዬ ወጥቼ ሰሌዳዋን አንጠለጠልኩላት። ለእንዲህ ያለው ሥራ ጉልበቴ ይታዘዘኛል።

«ሰሌዳዋስ የታለች?» ይላል ኦይገን። «ያንቺ በር ላይ የለች፣ የሷ በር ላይ የለች። ጥላት ይሆናላ። የእናቴን ሰሌዳ።»

«ቆይ እኔ ልጠይቃት» ብዬ ልቀድመው ደረጃውን እወጣለሁ። እሱ ግን ከኋላዬ ነው። ልጅቷ በኔ ተንኮል ልትባረር ነው።

ኦዩና በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። የሞንጎሊያ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል። ስልኳን ወደኛ ታዞራለች፤ ስልኩ ውስጥ እናቷ፣ ከእናቷ ጀርባ ደግሞ አክስቶቿ ተደርድረው ያዩናል።

«ግቡ፣ ግቡ። ስለናንተ እያወራኋቸው ነው።»

እገባለሁ፣ ቀና እላለሁ፤ ሰሌዳዋ ከአልጋው በላይ ተሰቅላለች። ሰማያዊ የሐር ጨርቅ አስራባታለች።

«በሬ ላይ ሳገኛት አለቀስኩ፣ ኦማ» ትለኛለች። ሰፈሩ ሁሉ ኦማ፣ አያቴ ነው የሚለኝ፣ አንቺም እንደዛው በይኝ ብያታለሁ። «እኛ አገር ይሄ ጨርቅ የሚታሰረው የከበረ ስጦታ ላይ ነው። ጽሑፉን ግን ማንበብ አቃተኝ። ምን ይላል?»

ፊደሉ የድሮ ጥምዝምዝ ነው፤ የተማረም አያነበው። ኦይገን እኔን ያየኛል። እኔ መስኮቱን አያለሁ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚለው» እላታለሁ።

ኦይገን አፉን ይከፍታል። አንድ ቃል ሳይወጣው ኦዩና በሁለት እጇ ሳህን ታቀርብለታለች። ሳህኑ ላይ ነጫጭ ጠጠር የመሰለ ነገር አለ። የደረቀ አይብ ነው፣ እናቷ የሠራችው። እናትየው ስልኩ ውስጥ ሆና የሆነ ነገር ትጠይቃለች።

«ስጦታውን የሰጡሽ እኚህ ናቸው ወይ እያለች ነው።»

«እሱ ነው እንጂ፣ ሌላ ማን ይሰጣል» እላለሁ ቶሎ ብዬ።

ምን ያርግ። አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ይከታል። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ቋ ሲል እዚህ ይሰማኛል። እንዳይተፋ አክስቶች ያዩታል፤ እንዳይናገር ጉንጩ ሞልቷል። እናትየው እጅ ነስታ ታወራለች፣ ታወራለች፤ ኦዩና ትተረጉማለች።

«ልጄን ወደማላውቀው ሰው ቤት ልኬ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ ትላለች። በር ላይ ስጦታ የሚያንጠለጥል ሰው ጋ እንደሆነች ሳይ ግን ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።»

የኦይገን ጆሮ ይቀላል። ይህን ሰውዬ ከልጅነቱ ነው የማውቀው፤ ሰው ሲያመሰግነው አይቼ አላውቅም፣ ምክንያትም አልነበረም። የቀረችውን ፀጉሩን በእጁ አስተኝቶ ለስልኩ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ወጥቶ ይወርዳል።

አዳምጣለሁ። ታች የሱ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተመልሶ ሲወጣ ይሰማኛል፤ ዓይኔ ሄዶ ሻንጣዋ ላይ ያርፋል። ልብሷን ገና አላወጣችውም፤ ለማውረድ እንደሚመች ሆኖ ተቀምጧል። በሩ ጋ ሲደርስ ኮቴው ቀጥ ይላል።

ሸር፣ ሸር።

«ምንድነው እሱ?» ትላለች ኦዩና።

«ኦይገን ነው፣ ደረጃ እየጠረገ።»

«ሽማግሌ እየጠረገ እኔ ልቀመጥ?»

ስልኩን ከነእናቷ ከነአክስቶቿ እጄ ላይ ጥላልኝ በካልሲዋ ትሮጣለች። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ እስከ በሩ እከተላታለሁ፤ እነሱም ይዩ። አንዱን መጥረጊያ ሁለቱም ይዘው ይጓተታሉ። እሷ «ኧረ በሞቴ ይተዉ» ትላለች፤ እሱ ጉንጩ እንዳበጠ እምቢ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻ ይለቅላታል። ከታች ያለው ደረጃ ላይ ወርዶ፣ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ቁጢጥ ይልና፣ ቆሻሻ ማፈሻውን ከመጥረጊያዋ ሥር ይደቅንላታል።