የጀላል ድርሻ

የሞተችውን ዶሮ በጀርባዋ አጋድሜ ቢላዋውን ሳነሣ እናቴ ከጓዳ ብቅ ትላለች።

«ያ ረቢ! ከሪማ፣ በክት በእጅሽ?»

«ልጠይቃት ነው እንጂ ልበላት አይደለም፣ እማ።»

ትናንት ክንፏን ጥላ ስትንገዳገድ ዋለች፤ ዛሬ ጠዋት እግሯን ወደ ጦሳ ተራራ ዘርግታ አገኘኋት። በዚህ ክረምት እንደቀደሟት እህቶቿ።

ጎረቤታችን እትዬ አረጋሽ በአጥሩ ቀዳዳ አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። «ፈንግል ነው፣ ልጄ። ፈንግል የገባበት ቤት ዶሮ አይተርፍም።»

«ፈንግል ከሆነ የእርስዎን ዶሮዎች ምነው ማራቸው? ቀኑን ሙሉ እኛው ግቢ አይደል የሚውሉት? ወይስ ፈንግልም ሃይማኖት ይለያል?»

«ይቺ ምላስሽ!» ይላሉ እየሳቁ። እናቴ ግን አትስቅም።

«ፈንግል አይደለም» ትላለች ቀስ ብላ። «ምልክት ነው።»

ወንድሜን፣ ጀላልን ማለቷ ነው። እንቁላል ሊሸጥ ሰኞ ገበያ እንደወጣ አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ ወሰዱት፤ ወሬው ከጠፋ ይሄ ሁለተኛ ክረምታችን ነው። ዶሮ በሞተ ቁጥር እናቴ እሱን የቀበረች ይመስል እህል አትቀምስም። ቢላዋ ያነሣሁትም ለዚሁ ነው። ዶሮዋን ምን እንደገደላት ካወቅኩ፣ ጀላልን የገደለው የለም ማለት ነው።

ከአምስተኛ ክፍል ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር የሳይንስ አስተማሪያችን እንቁራሪት ሲከፍት ማየቴ ነው። ዶሮ ከእንቁራሪት አትብስም።

ጥግ ላይ በገመድ የታሰረው አውራ ዶሮ ይጮኻል። ስሙን ጓድ ብየዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፣ እንቁላል ግን አይጥልም። ጀላል ሲመጣ የሚታረድ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይጋፋም፤ ለብቻው በቆሎ ይሰፈርለታል። ላባው ያብለጨልጫል።

ቢላዋው እጄ ላይ ይቆማል። ጓድን ለምን አላመመውም?

እህል የምታጠራቅምበትን የአንገቷን ከረጢት ስሰነጥቀው የእንጀራ ቁራጭ ይዘረገፋል። አረንጓዴና ጥቁር ጠጉር ያበቀለ እንጀራ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ በጓዳው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይቀበለኛል።

እናቴ እኛ ከመብላታችን በፊት የጀላልን ድርሻ ቆርሳ፣ ወጥ አድርጋበት፣ ክዳን ትደፋበታለች። መንገድ የወጣ ልጅ ድርሻው ከቤት አይታጣም። መጀመሪያ መጀመሪያ ያደረውን ጠዋት በየደጁ ለሚዞሩት የቁርኣን ተማሪዎች፣ ለደረሶቹ ትሰጠው ነበር። እየቆየ ማንሣቱ አቃታት። «ዛሬ ቢመጣስ?» እያለች የዛሬውን በትናንቱ ላይ ትደርባለች። የደሴ ክረምት ደግሞ ጫማ እንኳ ያሻግታል።

«እማ፣ ክዳኑ አልገጥም ሲልሽ ከሥር ያለውን ለማን ነው የምትሰጪው?»

ዐይኗ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ይሄዳል።

«ለእነሱ ነው?»

«ለሰው የማይሆን ሲሆን» ትላለች መሬት መሬት እያየች። «ማለዳ፣ ከቤታቸው ሳይወጡ እዚያው አደርግላቸዋለሁ። የጀላል ሲሳይ ጭቃ ላይ ይጣል?»

«ምልክት አይደለም እማ። ሻጋታ ነው። ወላሂ፣ ሻጋታ ነው የፈጃቸው!»

ዶሮዋን ታያለች፤ እኔን ታያለች። ፊቷ እንደ ሰማይ ገለጥ ይላል፣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ እንደገና ትላለች። ከዚያ የቀረው ነገር ይገባትና መልሶ ይጠቁራል።

«ታዲያ ድርሻውን ምን ላድርገው?»

ድምፅዋ ከእኔ የምታንስ ልጅ ድምፅ ነው። እትዬ አረጋሽ አንገታቸውን ከቀዳዳው ቀስ አድርገው ያወጣሉ።

ቢላዋውን አስቀምጣለሁ።

«እኔ እበላዋለሁ» እላለሁ። «በየቀኑ፣ ትኩሱን። ሲመጣ ይግረፈኝ።»

ድሮም ድርሻውን ነጥቄ ስሮጥ ጫማ እየወረወረ ያባርረኝ ነበር። እናቴ ይህንን ታስታውስና ከንፈሯ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ይላል።

እጄን በሳሙና ደጋግማ ታሳጥበኛለች። የዛሬውን ታመጣና ፊቴ ታኖረዋለች። እጇ ግን ከክዳኑ ላይ አልነሣ ይላል። እጠብቃለሁ። ይርበኛል፣ እጠብቃለሁ።

«ቢስሚላህ በይ» ትላለች በመጨረሻ፣ ክዳኑን አንሥታ።

ሽሮው እሱ እንደሚወደው በርበሬ የበዛበት ነው። ዐይኔን ያቃጥለኛል፤ ማንም ሳይጠይቀኝ «በርበሬው ነው» እላለሁ። እናቴ አፌን ታያለች፤ የምታየው ግን የእኔን አፍ አይመስለኝም። ደጅ ጓድ ይጮኻል።

አንዲት ጉርሻ ስትቀር እጄ እምቢ ይላል። ክዳኑን ከእናቴ እጅ ተቀብዬ እደፋባታለሁ።